ጌይ ሆኖ በክርስትና እምነት መጽናት፦ ሐዋሳ ላለ አማኝ የተጻፈ መመሪያ

ይህ ጽሑፍ በክርስቶስ ለሚያምን፣ ልቡ የሚያዘነብለው ወደ ራሱ ጾታ መሆኑን ለተረዳ፣ በዚህም ሆነ በሌላ ምክንያት በሃይማኖት ተቋማት ላይ የነበረው መተማመን ለተሸረሸረ ሰው የተዘጋጀ ነው። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። በዚህች ከተማ የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን መሐል ከተማው ላይ ቆሞ፣ የመካነ ኢየሱስ፣ የቃለ ሕይወትና የሙሉ ወንጌል አጥቢያዎች በየሰፈሩ ተሰራጭተው ስለሚገኙ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ወንድም ለቅዳሴ እኅት ለኳየር ልምምድ መውጣታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። እምነት እዚህ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ እድሩም በእርሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያኑን ተዋቸው» የሚለውም ሆነ «ዝንባሌህን ጥለህ ና» የሚለው ምክር ለእኛ አገር ሰው አይበቃም፤ ሁለቱም ሰውየው ከራሱ ግማሹን ቆርጦ እንዲጥል የሚጠይቁ ናቸው።

በቅድሚያ የምመክረው ተጠላልፈው የሚመጡ ሦስት ጥያቄዎችን መለየት ነው። እግዚአብሔር እኔን እንዴት ያየኛል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኔ ስለ እኔ ምን ታስተምራለች የሚለው ሌላ ነው፤ ጎረቤት፣ ዘመድና አሠሪ ቢያውቁ ምን ይደርስብኛል የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስቱ እስካልተለያዩ ድረስ የሰው ፍርሃት የእግዚአብሔር ቁጣ መስሎ ይታያል፤ በስብከት መሐል የሚሰማዎት የሆድ መረበሽም ከኅሊና ወቀሳ ጋር ይምታታብዎታል። ፍርሃት በመጣብዎት ጊዜ «ይህ ከሦስቱ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ሆኖ ያገኙታል፤ ለሦስተኛው ጥያቄ የሚያስፈልገው ደግሞ ጥንቃቄ እንጂ ንስሐ አይደለም። መልሶቹን በወረቀትም ሆነ በስልክ አይጻፏቸው።

ጸሎቱን አስቀድሞ ማቆየት

ብዙዎች «ጉዳዩ እስኪፈታ ድረስ በእግዚአብሔር ፊት ለመቆም አይገባኝም» ብለው ጸሎትን ያቋርጣሉ። ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ጸሎቱ ይቀጥል፣ ጥያቄው በጸሎቱ ውስጥ ይነሣ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ያደገ ሰው ለዚህ የተሰናዳ መንገድ አለው። መዝሙረ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ስለሚደገም፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 እያሉ የሚሄዱ ከሆነ፣ የሰው ልጅ ለአምላኩ ሊናገረው የሚችለው ነገር ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ በአፍዎ ያልፋል። ሰኞ መዝሙር 12 ላይ «እስከ መቼ» እያለ የሚጮኸውን ያገኛሉ። ሐሙስ መዝሙር 87 ላይ ወዳጆቹ የራቁትን፣ ጸሎቱንም ያለ መጽናኛ የሚዘጋውን ሰው ያገኛሉ፤ ይህ መዝሙር በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ማስተካከያ መቀመጡ ለእኔ ከብዙ ስብከት ይልቅ አጽናኝ ነው። ቅዳሜ ደግሞ መዝሙር 138 ይደርሳል፤ «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁና አመሰግንሃለሁ» የሚለው። በፕሮቴስታንት አቆጣጠር እነዚህ 13፣ 88 እና 139 ናቸው። ዝንባሌዎን አስበው ይህን የቅዳሜ ቃል መድገም መጀመሪያ ላይ ምላስን ያስራል፤ ቢሆንም አይዝለሉት።

በፕሮቴስታንት አጥቢያ ያደጉ ከሆነ የጽሞና ጊዜዎን ከኅብረት ጸሎቱ ይለዩት። በኅብረት ጸሎት ላይ «የጸሎት ርዕስ» ስጡ ሲባል የልብን ሁሉ የመናገር ግዴታ እንዳለብዎ አይቁጠሩ፤ ሆድ ከአገር ይሰፋል። በብቸኝነት ጊዜ ግን ጉዳዩን በስሙ ይጥሩት። «ያ ነገር» እያሉ ከመዞር ይልቅ «ጌታ ሆይ፣ እገሌን እወደዋለሁ» ብሎ መናገር ጸሎትን እውነተኛ ያደርገዋል። ግቢው የጋራ፣ ግድግዳው ስስ በሆነ የኪራይ ቤት የሚኖሩ ከሆነ የሳሙኤል እናት ሐና ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ መጸለይዋን ያስታውሱ፤ ካህኑ ዔሊ እንኳ ሰክራለች ብሎ ነበር፣ ጸሎቷ ግን ተሰማ። ማለዳ በሐይቁ ዳር መሄድም ለብዙዎች የጸሎት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ብቻውን የሚራመድን ሰው ማንም አይጠይቀውም።

ለዓመታት «ለውጠኝ» ብለው የለመኑ ሰዎች አሉ። ጾመዋል፣ ጠበል ተጠምቀዋል፣ እጅ ተጭኖላቸዋል። ለእነርሱ የምለው ልመናውን ብቸኛ ጸሎታቸው ማድረጋቸውን እንዲያቆሙ ነው። ጳውሎስ ስለ መውጊያው ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል መልስ ሲሰጠው ልመናውን አቁሟል። እኔ ፍቅርን መውጊያ አልለውም፤ ነገር ግን ሐዋርያው አንድን ጥያቄ እድሜ ልኩን ይዞ አልኖረም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ዝንባሌ ከበሽታዎች መዝገብ ስላወጣው፣ «እንፈውስሃለን» የሚል ማንኛውም ሰው በሕክምና የማይታወቅ በሽታን ለማከም ቃል እየገባ መሆኑን ይወቁ።

መጽሐፉን ከምዕራፍ እስከ ምዕራፍ ማንበብ

በዚህ ጉዳይ የሚጠቀሱት ክፍሎች ጥቂት ናቸው፦ ዘፍጥረት 19፣ ዘሌዋውያን 18፥22 እና 20፥13፣ ሮሜ 1፥26–27፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥9 እና 1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥10። እነዚህን ከስብከት ቅንጫቢ ሳይሆን ከራሱ ከመጽሐፉ፣ ከፊታቸውና ከኋላቸው ካለው ምዕራፍ ጋር ያንብቡ። ዘፍጥረት 19ን ሲያነቡ የከተማው ሰዎች እንግዶችን በግድ ለመድፈር ደጅ መክበባቸውን ያያሉ፤ ከዚያ ሕዝቅኤል 16፥49ን ይክፈቱ፣ ነቢዩ የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ ጥጋብንና የድሀውን እጅ አለማበርታትን ይቆጥራል። ሮሜ 1ን ሲጨርሱ መጽሐፉን አይዝጉት፤ ወዲያው ምዕራፍ 2 ቁጥር 1 ላይ ጳውሎስ ፊቱን በሌላው ላይ ወደሚፈርደው ሰው ያዞራል።

ይህን ስል ጉዳዩ በቀላሉ ያልቃል ማለቴ አይደለም። ዘሌዋውያንና ሮሜ ከባድ ቃል አላቸው፤ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት መምህራንም በአንድ ድምፅ እንደ ክልከላ ነው የሚያነቧቸው። በሌላው ዓለም ያሉ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን ቃሉ የሚናገረው ስለ የትኛው ድርጊት ነው፣ ስለ መድፈርና ስለ ጣዖት አምልኮ ወይስ በፍቅር ስለሚኖሩ ሁለት ሰዎችም ጭምር በሚለው ላይ ዛሬም ይከራከራሉ። ሁለቱንም ወገን ያድምጡ፤ ለራስዎ የሚመች መልስ ስለሆነ ብቻ የተቀበሉት ነገር በክፉ ቀን አያጸናዎትም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሰጥተው እንዲያጠኑት የምለምነው ግን ስለ ጃንደረባው የተጻፈውን ነው። ዘዳግም 23፥1 ብልቱ የተቀጠቀጠ ወይም የተቆረጠ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ትእዛዙ ግልጽ ነው፣ ሰውየውም አካሉን መልሶ ሊያበጅ አይችልም። ኢሳይያስ 56 ላይ ሲደርሱ ግን እግዚአብሔር ራሱ ጃንደረባው «እነሆ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ» እንዳይል ያዛል፤ በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጠው ቃል ይገባል። ከዚያ የሐዋርያት ሥራ 8 ይመጣል። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ባለሥልጣን ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሲመለስ በሠረገላው ኢሳይያስን ያነባል፤ የሚያነበው ስለ በጉ የሚናገረውን ምዕራፍ 53ን ነው፤ ስለ እርሱ ዓይነት ሰው የተጻፈው ተስፋ ያለው ደግሞ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ወደፊት ነው። ውኃ ባየ ጊዜ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀ። በሕጉ ፊደል ከሄድን የሚከለክለው ነበረ። ፊልጶስ ግን አጠመቀው።

ጃንደረባው ጌይ ነበር እያልኩ አይደለም፤ መጽሐፉ እንዲህ አይልም። የምለው ይህን ነው፦ አገራችን ክርስትናን የተቀበለችበትን ታሪክ ስንተርክ በኩራት የምንጠቅሰው ሰው፣ ስለ አካሉ ሁኔታ ከጉባኤ እንዲወጣ በሕግ የተጻፈበት ሰው ነው። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ሆኖ ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ሁሉ ሌላውን ለመከልከል በሩ ላይ ከመቆሙ በፊት «የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከፊልጶስ ጋር ሊመልስ ይገባዋል።

ተቋሙን መጠራጠርና እምነትን መጣል አንድ አይደሉም

ጥርጣሬ የመጣብዎት ራስዎን ካወቁ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የሐሰት ነቢያትን፣ በመድረክ ላይ የሚጠየቀውን ገንዘብ፣ የአባቶችን መከፋፈል አይተው ይሆናል። ጥርጣሬውን አይቅበሩት። ኢዮብ አምላኩን በብርቱ ቃል ተከራክሮ ሳለ፣ በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቈጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ስለ እግዚአብሔር ጥብቅና ቆመናል ባሉት ወዳጆቹ ላይ ነው። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው አባትም ልጁ ተፈውሶለታል።

ተቋም በሰዎች ስብሰባ የሚመራ መሆኑን ማወቅ ነፍስን ያሳርፋል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአገር ውስጥና በስደት የነበሩት ሲኖዶሶች ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለያይተው ቆይተው በ2010 ዓ.ም ክረምት ታረቁ፤ በጥር 2015 ዓ.ም ደግሞ ሌላ ክፍፍል ተፈጥሮ ምእመናን አለቀሱ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ዳዊት የሚደግመው ሰው ጸሎት አልተቋረጠም። በዚሁ በእኛ ጉዳይም የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንና የስዊድን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሳሳይ ጾታ ጥምረትን ተቀበሉ፤ ለአሥርተ ዓመታት አብራቸው የሠራችው መካነ ኢየሱስ ደግሞ በ2005 ዓ.ም በጠቅላላ ጉባኤዋ ከሁለቱም ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች። ሁለቱም ወገኖች አንድ የሉተራን የእምነት መግለጫ የሚያነቡ ናቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ አካል በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ካህናት ለእንዲህ ያሉ ጥንዶች ከሥርዓተ ጋብቻ ውጭ ቡራኬ እንዲሰጡ ሲፈቅድ፣ የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤ በሚቀጥለው ወር በአህጉሩ ይህ እንደማይደረግ አስታወቀ። ጉዳዩ «የነጮች ነው» ለሚልዎ ሰው ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ጌዮችን የሚጠላ አምላክን እንደማያመልኩ በአደባባይ መናገራቸውን ይጥቀሱለት፤ መጥቀሱ የማያስጠረጥርዎት ከሆነ ብቻ።

ከተቋሙ ጋር ያለውን ርቀት መወሰን የእርስዎ ድርሻ ነው፤ መግባትና መውጣት ብቻ ደግሞ ምርጫዎቹ አይደሉም። በእኛ ሥርዓት ራሱን ያልበቃ የቈጠረ ሰው ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ በሩን ተሳልሞ፣ ቅዳሴውን ከውጭ ሰምቶ የሚሄድበት የቆየ ልማድ አለ፤ ማንም ለምን አልገባህም አይለውም። ልብዎ በደከመበት ወቅት ይህ ስፍራ ይበቃል። በዓመታዊው የገብርኤል በዓል፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ከተማው በምእመን ሲሞላ ደግሞ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ መጸለይ ይቻላል፤ ሕዝቡ ሲበዛ ጠያቂው ያንሳል። ፕሮቴስታንት ከሆኑ ደግሞ ከአገልግሎት መውረድና ከጉባኤ መቅረት የተለያዩ ናቸው። በኳየር ወይም በመድረክ የሚያገለግሉ ሰዎች በሁለት ሕይወት ሲደክሙ አይቻለሁ፤ ሥራ በዛብኝ ብሎ ከመድረክ መውረድና እንደ ተራ ምእመን ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ብዙ ሸክም ያቃልላል። በቁጣ ቀን ግን አይልቀቁ። እድሩን፣ ማኅበሩንና የለቅሶ ቤቱን ደግሞ ፈጽሞ አይተዉ፤ እነዚህ የሰው ለሰው መያያዣ ናቸውና።

ለማን ምን መናገር እንደሚገባ

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በእስራት ይቀጣል። የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ማመን፣ መጸለይ፣ ራስን ማወቅ ወንጀል አይደሉም፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 የኅሊናና የሃይማኖት ነፃነትን ያረጋግጣል። በተግባር ግን ሰዎች የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ በፍርድ ቤት ሳይሆን በወሬ፣ በማስፈራሪያና ገንዘብ በመቀማት ነው። «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» የተባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ዝም ማለት ውሸት አይደለም፤ ጌታም በሄሮድስ ፊት አንድ ቃል አልመለሰም።

የንስሐ አባት ጉዳይ ከባድ ነው። የኑዛዜ ምሥጢር መጠበቅ እንዳለበት ቤተ ክርስቲያን ታዛለች፤ ነገር ግን አንድ የንስሐ አባት ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ሁሉ አባት ስለሆኑ፣ በበዓል ቤት ገብተው ከእናትዎ ጋር የሚቀመጡ ስለሆኑ፣ ማንነታቸውን ሳያመዛዝኑ ልብዎን አይክፈቱ። አባቶች ኃጢአትን በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር ብለው ይከፍሉታል። በእኔ እምነት ዝንባሌ ከሦስቱም በፊት ያለ ነገር ነው፤ ሰውየው አስቦ አላመጣውም፣ ተናግሮ አልጀመረውም፣ ሠርቶም አልፈጠረውም። ስለዚህ ኑዛዜ በገቡ ጊዜ በእርግጥ የበደሉትን፣ የዋሹትን፣ ያስቀየሙትን፣ በፍቅር ያታለሉትን ይናዘዙ። ጨዋታ አምጥተው የአባትን ልብ ለማየት ከፈለጉ ስለ ራስዎ ሳይሆን ስለ ኀዘንተኛና ስለ ተገፋ ሰው ይጠይቋቸው፤ ለእስረኛ፣ ለሴተኛ አዳሪ፣ ለኤች አይ ቪ ሕመምተኛ የሚራሩ አባት ካልሆኑ ለእርስዎ የሚራሩበት ምክንያት የለም።

«ነጻ እናውጣህ» ብለው የሚመጡ አገልጋዮችን በትሕትና ይመልሱ። ታስሮ መቆየትን፣ መመታትን፣ ምግብ መከልከልን ወይም መድኃኒት ማቆምን የሚጠይቅ ጸሎትም ሆነ የጠበል ቆይታ አይቀበሉ። እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ይልቁንም መኖር ካስጠላዎት ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂዱ፤ ምክንያቱን መናገር ግዴታ አይደለም፣ «እንቅልፍ የለኝም፣ መኖር አስጠልቶኛል» ማለት ሕክምና ለመጀመር ይበቃል።

ቤተሰብ «መቼ ነው የምንድርህ» ማለት በጀመረ ጊዜ የሚመጣው ፈተና ከሁሉ ይከብዳል፤ በዚህ ላይ አቋሜ የጸና ነው። ለመሸፈኛ ብለው ምንም የማታውቅን ልጅ አያግቡ፣ እርስዎ ሴት ከሆኑም ምንም የማያውቅን ሰው አያግቡ። በቁርባንም ሆነ በመድረክ የሚሰጥ ቃል ኪዳን በእግዚአብሔር ፊት ነው፤ ሌላው ሰው እድሜውን ሰጥቶ የሚገባበት ነው። የእርስዎ ጭንቀት የሌላ ሰው የሕይወት ዘመን ብቸኝነት ሊሆን አይገባም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ቀለበት ከመገዛቱ በፊት «ለትዳር ልቤ አልተዘጋጀም፣ ጌታ ይህን መንገድ አላሳየኝም» ብሎ ደጋግሞ መናገር ይቻላል፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ጳውሎስ ሳያገቡ መኖርን ያከብራል፣ ሽማግሌዎችም ይህን ጥቅስ ያውቁታል። አንዳንድ አማኞች ብቻቸውን በንጽሕና ለመኖር ወስነዋል፣ አንዳንዶችም በታማኝነት ከአንድ ሰው ጋር መኖርን መርጠዋል። በሁለቱም ወገን ጸልየው የወሰኑ ሰዎች አሉ፤ ይህን ምርጫ ግን ሰባኪም እኔም ልንመርጥልዎ አንችልም።

በመጨረሻ የሚቀረው ብቸኝነቱ ነው፤ ይህን ደግሞ ብቻ ሆኖ ማሸነፍ አይቻልም። ሁለት ወይም ሦስት በስሙ በተሰበሰቡበት እንደሚገኝ ጌታ ተናግሯል፤ ሁለት ይበቃል ማለት ነው። የሚያምኑት አንድ ሰው፣ ጌይ ይሁንም አይሁን፣ ካገኙ ለረጅም ጊዜ በሌላ ነገር ከተፈተነ በኋላ ብቻ ይንገሩት፦ አደራ ሰጥተውት ምሥጢር ጠብቋልን? ስለ ሌሎች ሲያወራ ያዋርዳልን? በመተግበሪያ የተዋወቁትን ሰው በመጀመሪያው ቀን ቤትዎ አይጥሩ፣ የሚያጠልቁትን መስቀል፣ የአጥቢያዎን ስምና የሥራ ቦታዎን አያሳዩት። ለጸሎት የሚገናኙ ከሆነ ደግሞ ሰው በሚመላለስበት ቦታ፣ ሁለት ጓደኛ ቡና ሲጠጣ በማያስገርምበት ሰዓት ይገናኙ፤ ከየራስ ታሪክ ሳይሆን ከአንድ መዝሙር ይጀምሩ፤ በስልክ አይቅረጹ፣ የሦስተኛ ሰው ስም አያንሡ፤ አንደኛችሁ መምጣት ቢያቆም ሌላው በመልእክት ለምን ብሎ አይጠይቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት መዝሙሩን ብቻውን ያንብብለት።